መኪናው ተሰልቷል፣ መሬቱስ? ለስላሳና ወጣ ገባ መሬት ላይ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ጥናት የደረሰበት

አስፋልት ላይ የሚሽከረከር ጎማ ስሌቱ ቀላል ነው። መንገዱ ከጎማው እጅግ ስለሚጠነክር ክብደቱ ሲያርፍበት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም፤ መሐንዲሱም መንገዱን እንዳለ ተቀብሎ ስለ መኪናው ብቻ ይጨነቃል። ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ታርሶ የላላ ማሳ ሲገባ ግን መሬቱ ራሱ ይረገጣል፣ ይገፋል፣ ይናዳል። ተሽከርካሪውን ወደፊት የሚያስኬደው ጉልበትም፣ ወደ ኋላ የሚይዘው እንቅፋትም የሚመነጩት ከዚሁ ከተረበሸው አፈር ነው። ይህን የጎማና የአፈር ግንኙነት የሚመረምረው የምሕንድስና ዘርፍ ቴራሜካኒክስ ይባላል፤ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ ከተደራጀም ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጉዳዩ የቆየ ቢሆንም ዛሬ እንደ አዲስ አነጋጋሪ ሆኗል። የእርሻ መሣሪያዎች ክብደት ከአስርት ዓመት ወደ አስርት ዓመት እየናረ መሄዱ የአፈሩን ጤና ጥያቄ ውስጥ አስገብቷል። ያለ ሾፌር የሚጓዙ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ከከተማ መንገድ ወጥተው ወደ ሜዳና ጫካ እንዲገቡ እየተፈለገ ነው። ሌላ ፕላኔት ላይ የሚላኩ ሮቨሮችም አሉ፤ እነርሱ ቢያዙ የሚጎትታቸው የለም። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ተሽከርካሪ ይህን መሬት ያልፋል ወይስ አያልፍም? የኮምፒውተር ጉልበት በማደጉ ዘርፉ መልሱን ለማስላት ከመቼውም በላይ የተሻለ መሣሪያ አለው። በእኔ እይታ ትልቁ ክፍተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስሌቱ ከልኬቱ ቀድሞ ሄዷል፤ መኪናውን እስከ ብሎኑ ድረስ እናውቀዋለን፣ የሚረግጠውን መሬት ግን በጥቂት ቁጥሮችና በግምት እንተካዋለን።

ክፍተቱ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት አንድ ጎማ ሥር የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጎማ ለስላሳ መሬት ላይ ሲያርፍ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ክብደቱን ተሸክሞ ወደ ታች ይጫናል፣ በሞተሩ ጉልበት ደግሞ አፈሩን ወደ ኋላ ይገፋል። ወደ ታች ሲጫን ይሰምጣል፤ በሰመጠ መጠንም ከፊቱ ያለውን አፈር እየደፈጠጠና እየገፋ ለመሄድ ጉልበት ያወጣል። ያ ጉልበት ተሽከርካሪውን ወደፊት የማያራምድ፣ የጎማ ዱካ ሆኖ መሬት ላይ የሚቀር ወጪ ነው። ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ አፈሩ የሚመልሰው ተቃውሞ ተሽከርካሪውን ወደፊት ይነዳዋል። ይህ ተቃውሞ ከወጪው በልጦ ሲገኝ ተሽከርካሪው ይሄዳል፤ ትርፉም ዳገት ለመውጣት ወይም ተጎታች ለመሳብ ይውላል። ወጪው ሲበልጥ ግን ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው አያድነውም።

አፈር የሚሰጠው ተቃውሞ ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው የቅንጣቶቹ እርስ በእርስ መጣበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ከላይ በሚጫነው ክብደት ልክ ይጨምራል፤ መጣበቁ ግን ለክብደቱ ግድ የለውም። ከዚህ ቀላል ልዩነት ብዙ ነገር ይከተላል። ደረቅ አሸዋ ላይ መጣበቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ በጎማው ላይ ጭነት ሲጨመር መሬቱን የመያዝ አቅሙም አብሮ ያድጋል። ውኃ የጠገበ ሸክላ አፈር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከላይ የመጣውን ክብደት ቅንጣቶቹ ሳይሆኑ በመካከላቸው የታሰረው ውኃ ስለሚሸከመው ሰበቃው አያድግም፤ የተጨመረው ጭነት መያዣ ሳይጨምር ጎማውን ማስመጥ ብቻ ይሆናል። አሸዋ ላይ የሠራ ዘዴ ጭቃ ላይ የሚከዳው ለዚህ ነው።

ተቃውሞው ደግሞ በነጻ አይገኝም። አፈሩ የሚገፋውን ጎማ መመለስ የሚጀምረው ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ መሬት ላይ ጉልበት የሚያወጣ ጎማ ሁሉ የግድ ይንሸራተታል። ጎማው አሥር ሜትር የሚያስኬድ ያህል ተሽከርክሮ ተሽከርካሪው የሄደው ሰባት ሜትር ብቻ ከሆነ መንሸራተቱ 30 በመቶ ነው፤ ለጎማው ከደረሰው ጉልበትም ቢያንስ ያን ያህሉ አፈር ሲያምስ ባክኗል። የትራክተር ባለሙያዎች ሲያርሱ ከ8 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መንሸራተትን ጤናማ አድርገው የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ትራክተሩ አለአግባብ ከብዷል ወይም የሚጎትተው ቀሏል፣ ከበለጠ ደግሞ ነዳጅና ጎማ እየተበላ ነው። መንሸራተቱ እየጨመረ ሲሄድ የጎማው ጥርሶች አፈሩን ከሥር እየዛቁ ወደ ኋላ ስለሚያወጡ፣ ጎማው ምንም ክብደት ሳይጨመርበት ወደ ታች ይወርዳል። የተያዘ ሾፌር ነዳጅ በረገጠ ቁጥር መኪናው ይበልጥ የሚቀበረው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በቁጥር ለመግለጽ የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በ1913 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በርንስታይን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በጎማ ግፊትና በመስመጥ መካከል ያለውን ግንኙነት በቀላል ቀመር አስቀመጠ። ቀመሩ እንደሚለው ግፊቱ ከጥልቀቱ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል። ዘርፉን ዘርፍ ያደረገው ግን በፖላንድ ተወልዶ ወደ ካናዳ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሚየቺስዋፍ ቤከር ነው። ቤከር የበርንስታይንን ሐሳብ ለሁሉም ዓይነት አፈር እንዲያገለግል አሰፋው። ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ሳህኖች በመሣሪያ ወደ አፈሩ ይጫናሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥልቀት ያስፈለገው ግፊት ይመዘገባል፤ ከዚያ ለዚያ አፈር ብቻ የሚሆኑ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። ከሦስቱ አንዱ፣ ጥልቀቱ የሚነሳበት ኃይል ማለትም ኤክስፖነንቱ፣ ብዙ ይናገራል። ይህ ቁጥር 1 የሆነበት አፈር ላይ ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ ጎማውም በእጥፍ ይሰምጣል። ቁጥሩ እንደ በርንስታይን ግማሽ ከሆነ ግን ያው እጥፍ ግፊት ጎማውን አራት እጥፍ ያሰምጠዋል። ሁለት መሬቶች ቀላል መኪና ሲያልፍባቸው አንድ መስለው ታይተው ከባዱ መኪና ሲመጣ አንዱ ሊውጠው፣ ሌላው ሊሸከመው ይችላል ማለት ነው። በ1961 ደግሞ ያኖሲና ሃናሞቶ አፈሩ ሲንሸራተት ተቃውሞው እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚገነባ የሚገልጽ ቀመር ጨመሩበት፤ የቤከርና የእነዚህ ሁለቱ ቀመሮች ተጣምረው እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላሉ። በዚያው ዓመት በጣሊያኗ ቱሪን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፣ በቀጣዩም ዓመት የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ።

ከቤከር መንገድ ጎን ለጎን ሌላ፣ ክብሩ ያነሰ ዘዴ አብሮ አደገ። በሚሲሲፒዋ ቪክስበርግ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የምርምር ጣቢያ የፊዚክስ ቀመር ከመፈለግ ይልቅ አንድ የብረት ዘንግ ያዘ። ዘንጉ ጫፉ ላይ 30 ዲግሪ የሾለ፣ የመቀመጫው ስፋት 3.2 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮን አለው፤ አንድ ሰው በእጁ ወደ መሬት ሲገፋው የሚያጋጥመው ተቃውሞ ከላይ ባለው መለኪያ ይነበባል። ለደቃቅ አፈር ተጨማሪ ምርመራ አለ። ናሙናው ጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ 100 ጊዜ በመዶሻ ይመታል፤ ከምቱ በፊትና በኋላ ያለው ጥንካሬ ይነጻጸራል። ምቱ ብዙ ተሽከርካሪ የተመላለሰበትን መሬት ሁኔታ ይተካል፤ መጀመሪያ ጠንካራ የሚመስል አፈር ሲታሽ ምን ያህል እንደሚደክም የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ዓይነት አንድ ጊዜ ለማለፍና አምሳ ጊዜ ለማለፍ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የመሬት ጥንካሬ በሙከራ ተለይቶ ይሰጠዋል። መሬቱ ከዚያ ቁጥር ካነሰ አይታለፍም፣ ከበለጠ ይታለፋል።

የቀመሩ ወገን ይህን ዘዴ ሲተቸው ኖሯል፤ ትችቱም እውነት አለው። ኮኑ መጣበቅንና ሰበቃን አንድ ላይ አምታቶ በአንድ ቁጥር ስለሚያወጣ ምክንያቱን አይነግርም፤ ሙከራ ያልተደረገበት አዲስ ዓይነት ጎማ ሲመጣም ብዙ አይረዳም። ቢሆንም ለግማሽ ምዕተ ዓመት በተግባር ያሸነፈው ኮኑ ነው። በ1970ዎቹ የተዘጋጀውና የኔቶ አባል አገሮች ለአስርት ዓመታት የተገለገሉበት፣ ተሽከርካሪ አንድን መሬት ማለፍ አለማለፉን የሚተነብይ የተንቀሳቃሽነት ሞዴል ለአፈር የተመሠረተው በኮን ልኬት ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘንግ ተሸክሞ አንድ ሰው በቀን ብዙ ቦታ ሊለካ ይችላል፤ የቤከርን ሳህኖች ለመጫን ግን የሚሸከማቸው ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። መለካት የማይቻል ትክክለኛ ቁጥር፣ መለካት ከሚቻል ሻካራ ቁጥር ያነሰ ጥቅም እንዳለው የዘርፉ ታሪክ ራሱ መስክሯል፤ ዛሬ ስለ ግዙፍ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም እውነታውን በኮምፒውተር ስለሚያስመስሉ ስሌቶች፣ ሲወራ ይህ ነጥብ ቶሎ የሚረሳ ይመስለኛል።

ከተሽከርካሪው በኩልም ቢሆን አንድ ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል። ክብደቱን መሬት በነካው ስፋት አካፍሎ የሚገኘው አማካይ ግፊት በሽያጭ ወረቀትና በወታደራዊ ዝርዝር ላይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ተሽከርካሪ በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ያማረ ቁጥር ያገኛል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ እንደ ጣውላ ግትር ስላልሆነ ግፊቱ እኩል አይከፋፈልም። በሰንሰለቱ ውስጥ በሚሽከረከረው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ይቆለላል፣ በጎማዎቹ መካከል ይላላል። ሮውላንድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአማካዩ ይልቅ የእነዚህን ጫፎች አማካይ መውሰድ ለስላሳ መሬት ላይ ያለውን እውነት የተሻለ እንደሚተነብይ አሳየ። ሁለት ታንኮች በወረቀት ላይ አማካይ ግፊታቸው አንድ ሆኖ አንዱ ረግረጉን ሲሻገር ሌላው የሚቀረው በጎማዎቹ ብዛትና መጠን የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የአየር ጎማ ላለው ተሽከርካሪ ደግሞ ቀላሉና ርካሹ መድኃኒት ንፋስ መቀነስ ነው። ጎማው ሲተነፍስ መሬት የሚነካበት ክፍል በተለይ ወደ ርዝመት ይዘረጋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መስመጡም ይቀንሳል፤ ርዝመቱ አፈሩ ተቃውሞውን እንዲገነባ ጊዜ ስለሚሰጥ መያዣውም ይሻሻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዳክ ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ የባሕርና የየብስ መኪና ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን ንፋስ እንዲቀንስና እንዲሞላ የሚያስችል ሥርዓት ተገጥሞለት ነበር። ከውኃ ወጥቶ አሸዋማ ዳርቻ ላይ የሚሳብ፣ ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይ የሚሮጥ መኪና አንድ የንፋስ መጠን ሊበቃው አይችልም። የተነፈሰ ጎማ በጠንካራ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይጎዳልም፤ ስለዚህ መፍትሔው መቀነስ ብቻ ሳይሆን መልሶ መሙላትም ነው።

ንፋስ መቀነስና ጎማ ማስፋት ተሽከርካሪውን ያድናል። አፈሩንም የሚያድን እየመሰለን ብዙ ዓመት አልፏል፤ ይህ ግን እስከ ተወሰነ ጥልቀት ብቻ እውነት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ቡሲኔስክ በ1885 ባወጣው ቀመር አንድ ምሳሌ ልሥራ። ጎማ ከመሬት ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ክብ ቦታዎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም መሬቱን በእኩል ግፊት፣ በ100 ኪሎ ፓስካል ይጫናሉ። የአንደኛው ሬዲየስ ሩብ ሜትር ስለሆነ የሚሸከመው ሁለት ቶን ገደማ ነው። የሁለተኛው ግማሽ ሜትር ስለሆነ ስምንት ቶን ገደማ ይሸከማል። ላይኛው የአፈር ገጽ ላይ ልዩነት የላቸውም። ግማሽ ሜትር ወደ ታች ስንወርድ ግን ከመጀመሪያው የሚደርሰው ጫና 28 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ከሁለተኛው የሚደርሰው 65 ይሆናል። አፈር ቡሲኔስክ እንዳሰበው ፍጹም ተለጣጭ ነገር ባይሆንም አቅጣጫው አይለወጥም፤ ላይኛውን አፈር የሚወስነው ግፊቱ ነው፣ የታችኛውን ግን ጠቅላላ ክብደቱ ነው።

ኬለርና ኦር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ያወጡት ጥናት ያስደነገጠው ይህን በዓለም አቀፍ ደረጃ ስላሳየ ነው። ጭነቱን የያዘ ኮምባይነር በ1958 አራት ቶን ያህል ይመዝን የነበረ ሲሆን በ2020 ወደ 36 ቶን ደርሷል። አምራቾች ጎማውን አብረው እያሰፉ ስለመጡ በገጹ ላይ ያለው ግፊት ብዙም አልተለወጠም፤ ገበሬው የሚያየው የጎማ ዱካም ያን ያህል አልጠለቀም። ከማረሻ በታች ባለው አፈር ላይ የሚያርፈው ጫና ግን አብሮ አድጓል። ተመራማሪዎቹ ከዓለም የሰብል መሬት አንድ አምስተኛ የሚሆነው ለዚህ ጥልቅ መጠቅጠቅ ከፍተኛ አደጋ ላይ እንደሆነ ገምተዋል። የተጠቀጠቀ ጥልቅ አፈር ሥር አያሳልፍም፣ ውኃም አያሰርግም፤ ማረሻ ስለማይደርስበትም በቀላሉ አይላላም፣ ጉዳቱ አስርት ዓመታት ይዘልቃል። የምሕንድስናው ስኬት፣ ማለትም ከባድ መሣሪያን ሳይያዝ ለስላሳ ማሳ ላይ ማስኬዱ፣ ጉዳቱን ከዓይን የሸሸገው መሆኑ ዘርፉ በቂ ትኩረት ያልሰጠው ጉዳይ ነው። የመኪና መያዝ ጥናትና የአፈር መጠቅጠቅ ጥናት በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያዩ መጽሔቶች መካሄዳቸው ለዚህ አስተዋጽኦ ያደረገ ይመስለኛል።

ወደ ሌላ ፕላኔት የሚላኩ ተሽከርካሪዎች ጉዳዩን ከተለየ አቅጣጫ ያሳዩናል። ለአፖሎ 15፣ 16 እና 17 ጉዞዎች የተሠራው የጨረቃ መኪና ጎማው የአየር አልነበረም። በዚንክ ከተለበጠ የብረት ሽቦ የተጠለፈ መረብ ሆኖ፣ መሬት የሚነካው ክፍል ግማሽ ያህል በቲታኒየም ጥርሶች የተሸፈነ ነበር። ቤከር ራሱ በዚህ ሥራ ተሳትፏል። መኪናው ጨረቃ ላይ በሚገባ ሠራ፤ በማርስ የሆነው ግን የዘርፉን ድክመት አጋለጠ። ኦፖርቹኒቲ የተባለው ሮቨር በሚያዝያ 2005 ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የአሸዋ ክምር ተይዞ ለመውጣት ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጅቶበታል። መንትያው ስፒሪት ግን አልወጣም። በ2009 ከበላዩ ቅርፊት የሠራ፣ ከሥሩ ግን ልል የሆነ የሰልፌት አሸዋ ላይ ሲሄድ ቅርፊቱ ተሰበረና ጎማዎቹ ሰመጡ። ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ከ2006 ጀምሮ አይሠራም ነበር። መሐንዲሶቹ በምድር ላይ ከሸክላ ዱቄትና ከዳያቶማይት ዱቄት ተመሳሳይ ለስላሳ መሬት አዘጋጅተው ለወራት የመውጫ ዘዴ ሞከሩ። በመጋቢት 2010 የመጨረሻው መልእክት ከመጣ በኋላ ስፒሪት ከዚያው ሳይነቃነቅ ዝም አለ። ከላይ ሲታይ የሚያሰጋ ምንም ነገር አልነበረም፤ ካሜራ የአፈርን ቀለምና ቅርጽ እንጂ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ጥንካሬ አያነብም።

የስበት ጉዳይም አለ። የማርስ ስበት ከምድር ከመቶ 38 ያህሉ ስለሆነ፣ በምድር ላይ ለሚደረግ ሙከራ ሮቨሩን አቅልሎ ክብደቱን ከማርሱ ክብደት ጋር ማስተካከል የተለመደ ነው። ይህ ግን ግማሹን ብቻ ያስተካክላል። የአሸዋው ቅንጣቶች በምድር ስበት እርስ በእርስ ስለሚጫጫኑ ሰበቃቸው ከማርስ አሸዋ ይበልጣል፤ ስለዚህ የሙከራው መሬት ከእውነተኛው ይልቅ ይጠነክራል፣ ውጤቱም ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣል። በቅስት መስመር እየወጣና እየወረደ ለአጭር ጊዜ ዝቅተኛ ስበት በሚፈጥር አውሮፕላን ውስጥ የተደረጉ የጎማ ሙከራዎች ይህን አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህም የምድርን ሙከራ ወደ ሌላ ስበት በሒሳብ ለመቀየር የሚያስችሉ የመጠን ሕጎች ቀርበዋል።

የወጣ ገባ መሬት ችግር ከለስላሳ መሬት ችግር ተለይቶ መታየት አለበት። በ2012 ማርስ ያረፈው ኪዩሪዮሲቲ ያስቸገረው ልል አሸዋ ሳይሆን ከመሬት ጋር ተጣብቆ የቆመ ስል ድንጋይ ነው። የአልሙኒየም ጎማው ቆዳ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበር በሁለተኛው ዓመት መበሳትና መቀደድ ጀመረ። ስድስቱ ጎማዎች ወጣ ገባውን ሲወጡ በእኩል ፍጥነት እንዲሽከረከሩ መታዘዛቸው አንዱ ሌላውን ወደ ድንጋዩ እንዲገፋው አድርጓል፤ በ2017 የተላከለት ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ከመሬቱ ቅርጽ ጋር እያስማማ ይህን ጫና ቀነሰለት። ለተከታዩ ለፐርሴቪራንስ ጎማው ጠበብ፣ ወፈርም ተደርጎ ተሠራለት።

ሰው በሚነዳው ተሽከርካሪ ደግሞ ወጣ ገባ መሬት ላይ ፍጥነትን የሚገድበው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አይደለም፤ የሾፌሩ ወገብ ነው። በ1960ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት የሾፌሩ ሰውነት በመቀመጫው በኩል የሚቀበለው የንዝረት ጉልበት ከስድስት ዋት ሲያልፍ ሰው በዚያ ፍጥነት መቀጠል እንደማይፈልግ ተወስዶ፣ ይኸው ቁጥር በኔቶ ሞዴል ውስጥ ገደብ ሆነ። ባሌስትራውና አሞርዛተሩ የተሻሻለ መኪና በዚያው መሬት ላይ በፍጥነት የሚሄደው ስለዚህ ነው። ሾፌር የሌለው ተሽከርካሪ ግን ወገብ የለውም፤ ገደቡ ወደ ጎማው፣ ወደ ሴንሰሮቹና ወደ ጭነቱ ይሸጋገራል፤ የቆየውን ስድስት ዋት የሚተካው ቁጥር ምን እንደሆነ ገና ስምምነት የለም።

ወደ ስሌቱ ስንመለስ፣ ያለፉት ሃያ ዓመታት እድገት የሚያስደንቅ ነው። በ1979 ካንደልና ስትራክ ያቀረቡት ዘዴ አፈርን እንደ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን እንደ ተናጠል ቅንጣቶች ስብስብ ይወስዳል፤ የእያንዳንዱ ቅንጣት ግጭትና ሰበቃ ተራ በተራ ይሰላል። ችግሩ ብዛታቸው ነው። ዲያሜትራቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቅንጣቶችን ብንወስድ በአንድ ሊትር አሸዋ ውስጥ ብቻ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ፤ ስለዚህ አጥኚዎች ቅንጣቶቹን ከእውነተኛው በብዙ እጥፍ አተልቀው ለመሥራት ይገደዳሉ። በሌላ በኩል በ2013 ሊ፣ ዣንግና ጎልድማን በአሸዋ ላይ ለሚሮጡ ትንንሽ ሮቦቶች ያወጡት ዘዴ አስገራሚ ቀላልነት አለው። እግሩ ወይም ጎማው በሐሳብ ወደ ትንንሽ ገጾች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ገጽ እንደ ዝንባሌውና እንደ አቅጣጫው የሚያገኘው ኃይል ቀድሞ በሙከራ ከተሠራ ሰንጠረዥ ይወሰዳል፤ ከዚያ ይደመራል። ደረቅ አሸዋ ላይ ይህ ድምር ከውስብስቡ ስሌት ጋር የሚቀራረብ መልስ በጥቂት ጊዜ ይሰጣል። እርጥብ ሸክላ ላይ ግን ያው ቀላልነት ዋስትና የለውም።

ኔቶም የቀድሞ ሞዴሉን የሚተካ አዲስ ትውልድ ሞዴል ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ2018 በአሜሪካ ሚሺጋን በመስክ አሳይቷል። ከአዲሱ አካሄድ እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለውስብስብ ቀመሮቹ አይደለም። ካርታው ላይ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ብሎ ከመቀባት ይልቅ የማለፍ ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ ለመናገር መሞከሩ ነው። የአፈር ቁጥር እርግጠኛ ካልሆነ መልሱ እርግጠኛ መስሎ መቅረብ የለበትም።

ነገር ግን ዕድሉን ለማስላት የአፈሩ ልዩነት መጠን መታወቅ አለበት፤ ሥራው የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። በ2015 ወደ ሕዋ የተላከው ስማፕ የተባለው ሳተላይት የአፈር እርጥበትን በዓለም ዙሪያ ያነባል፤ ራዳሩ በዚያው ዓመት ስለተበላሸ ግን የሚቀረው መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያየው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ስፋት ነው፤ የሚያነበውም የላይኛውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አብዛኛዎቹን ተሽከርካሪዎች የሚሸከመው ንብርብር ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። አንድ ማሳ ውስጥ ከጉብታው እስከ ረባዳው ድረስ ባለው መቶ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት መኪና የሚያልፍበትና የሚያዝበት ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በሳተላይቱ ዓይን ግን ሁለቱም አንድ ነጥብ ናቸው።

ለዚህ የቀረበው አንዱ መልስ ተሽከርካሪውን ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። በ2005 አሜሪካ ውስጥ በበረሃ የተካሄደውን 212 ኪሎ ሜትር የሾፌር አልባ መኪኖች ውድድር ያሸነፈው ስታንሊ የመንገዱን ሻካራነት ከራሱ መንገጫገጭ እየተማረ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ለስላሳነትም በዚሁ መንገድ ሊነበብ ይችላል። ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት፣ የጎማው ዙር ብዛትና ተሽከርካሪው በእርግጥ የተጓዘው ርቀት ከታወቁ መንሸራተቱ ይታወቃል፤ ከመንሸራተቱም የአፈሩን ጥንካሬ ወደ ኋላ ሄዶ መገመት ይቻላል። ጉድለቱ መረጃው የሚገኘው ጎማው ከረገጠ በኋላ መሆኑ ነው፤ ለስፒሪት ዓይነቱ ቅርፊት ይህ ዘግይቷል። ስለዚህ ከካሜራ የሚታየውን ከጎማ የሚሰማው ጋር እያዛመደ የሚማር ሥርዓት እየተሞከረ ነው፤ ሩቅ ያለው መሬት ቀደም ሲል ካስቸገረው ጋር ከተመሳሰለ ተሽከርካሪው ሳይደርስበት ይጠረጥረዋል።

ይህ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም አንድ ያልተመለሰ ነገር ይዟል። ዘመናዊ ትራክተሮች አሁንም ቢሆን በየማሳው ሲሄዱ ቦታቸውን፣ መንሸራተታቸውንና የነዳጅ ፍጆታቸውን ይመዘግባሉ፤ ማንም የምርምር ተቋም ሊሰበስበው የማይችል ብዛት ያለው መረጃ ነው። ይሁን እንጂ 20 በመቶ የተንሸራተተ ትራክተር ለስላሳ አፈር ገጥሞት ይሁን፣ ጎማው ከሚገባው በላይ ተነፍቶ ይሁን፣ ወይስ የሚጎትተው ከብዶት ይሁን ከመዝገቡ ብቻ አይለይም። ለመለየት የጎማው ንፋስና የጭነቱ መጠን አብረው መመዝገብ አለባቸው፤ ከማሳዎቹ ጥቂቶቹ ላይ ቢያንስ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው እርጥበት፣ አንድ ሰው ኮኑን ይዞ በ15ና በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መለካት ይኖርበታል። ይህ ሥራ የኮምፒውተር ሰዓት ከመከራየት ይልቅ የሰው ጉልበት ይፈልጋል፣ በጥናት ወረቀትም ላይ ብዙ አያምርም፤ የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ አካላት እስካሁን ለሲሙሌሽን ከሰጡት የተወሰነውን ወደዚህ ካላዞሩ፣ ሚሊዮኖቹን ቅንጣቶች የሚያሰላው ሞዴል መነሻ የሚሆነው ያው ከጥንት የአፈር ሰንጠረዥ የተቀዳ ቁጥር ይሆናል።